የገልባጫችን ሆዝ፦ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ለሶማሌ ተራ ምን ይተዋል

የወንድሜ መኪና ገልባጭ አይሱዙ ናት። የምታድረው አዲስ አበባ አብነት፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነው። ጥቅምት ላይ ገረጋንቲ ልታራግፍ ካሶኒዋን እያነሳች ሳለ ወደሚያነሳት ሲሊንደር የግፊት ዘይት የሚወስደው የጎማ ቱቦ፣ ሆዙ፣ ፈነዳ። ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ካሶኒው ተመልሶ ወረደ። የቀኑ ሥራም እዚያው ላይ አበቃ። እግዚአብሔር ይመስገን ሥሯ የገባ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንኑ አንድ ሆዝ ሦስት ጊዜ አሠርተናል። የመጀመሪያው በሦስት ሳምንቱ ሄደ። ሁለተኛው ገና ሲገጠም እምቢ አለ። ሦስተኛው አራት ወር ሆነው፣ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላየንበትም። በመሃል ደግሞ ያለ ማሽን፣ በቁልፍና በሞርሳ ብቻ የሚታሰረውን የፊቲንግ (የሆዝ ጫፍ ብረት) ዓይነት በገዛ እጄ ሞክሬዋለሁ። ገልባጭ፣ ፎርክሊፍት፣ የብሎኬት ማሽን ወይም ጋራዥ ውስጥ ሊፍት ያላችሁ ሰዎች እኛ ያባከንነውን ብር እንዳታባክኑ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ።

ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ብር የሚተርፈው ሆዙን ራሳችሁ ስትፈቱ፣ ስትለኩ፣ ስታጸዱና መልሳችሁ ስትገጥሙ ነው። ፊቲንጉን ሆዙ ላይ መጭመቁን ለማሽን ተዉለት። የሆዙን ዓይነት ደግሞ ከሚያስፈልገው በታች አትውረዱ። የእኛ ብር ያለቀው በዚህ በሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ያሠራነው በጥድፊያ ነበር። መኪና ቆሞ የዋለበት ቀን ሁሉ ኪሳራ ነው፣ ሾፌሩም ተቀምጦ ይጠብቃል። ወንድሜ የፈነዳውን ሆዝ ይዞ አንድ ሱቅ ገባ፣ ስሙን አልጠራም። "ግማሽ ኢንች ነው" አሉት፣ ቆረጡ፣ ጨመቁ፣ ከፍሎ መጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ዋጋውም ጥሩ ስለነበር ሁላችንም ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ከፊቲንጉ አጠገብ እንደ እባጭ ያለ ነገር ታየ። በማግስቱ ተተረተረ።

ያኔ ሁለቱን ሆዞች፣ ማለትም ከመኪናዋ ጋር የመጣውንና እኛ ያሠራነውን፣ ሞርሳ ላይ አስሬ በሴጌቶ ቆረጥኳቸው። የመጀመሪያው ሆዝ ጎማው ውስጥ ሁለት ድርብ የተጠለፈ ሽቦ አለው። የእኛው አንድ ድርብ ብቻ። ከውጭ ስታዩዋቸው ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም ግማሽ ኢንች ናቸው፣ በዓይን ለመለየት ይከብዳል።

ልዩነቱ ግን ሆዙ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። በርዝመቱ ላይ ተደጋግሞ የታተመውን መስመር ፈልጉ። በአውሮፓው መለኪያ፣ ኢኤን 853 በሚባለው፣ ባለ አንድ ሽቦው "1ኤስኤን" ተብሎ ይጻፋል፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ "2ኤስኤን"። በአሜሪካው "100 አር1" እና "100 አር2" ይባላሉ። ግማሽ ኢንች 1ኤስኤን ሆዝ የሚሠራበት ግፊት እስከ 160 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ግማሽ ኢንች 2ኤስኤን እስከ 275 ባር ይሄዳል። የእኛ መኪና ፓምፕ ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ 180 ባር ትላለች። እንግዲህ አስሉት፣ ሆዙ ገና ከመገጠሙ በፊት ከሚችለው በላይ ተጭኖበት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ወፍራም ሆዝ የበለጠ ግፊት የሚችል ይመስለናል። ግን ተቃራኒው ነው። በዚያው በ2ኤስኤን ውስጥ ባለ 1/4 ኢንቹ 400 ባር ይችላል፣ 3/8 ኢንቹ 330፣ ግማሽ ኢንቹ 275፣ 3/4 ኢንቹ 215፣ አንድ ኢንቹ 165 ብቻ። ሆዙ በሰፋ ቁጥር ዘይቱ የሚገፋው ግድግዳ ስለሚሰፋ ሽቦው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ "ለጥንቃቄ አንድ ቁጥር ከፍ አድርግልኝ" ማለት ግፊቱን ዝቅ አድርግልኝ ማለት ሊሆን ይችላል።

ያ የመጀመሪያው ሻጭ ተመልሰን ስንሄድ ምን አለን? "ይሄ ሆዝ እኮ እስከ አራት እጥፍ ካልሆነ አይፈነዳም።" ቁጥሩ እውነት ነው። እነዚህ ሆዞች የሚፈነዱበት ግፊት ከሚሠሩበት ግፊት ቢያንስ 4 እጥፍ እንዲሆን ነው መለኪያው የሚያዘው። ግን ያ ትርፍ የተቀመጠው ለድንገተኛው ምት ነው። ካሶኒው ግማሽ ላይ ደርሶ ሾፌሩ ጭነቱን ለማራገፍ ገጭ ገጭ ሲያደርገው ዘይቱ ውስጥ የሚፈጠረው ምት ከተጻፈው ግፊት በላይ ይሄዳል፣ በቀንም ብዙ ጊዜ ይመታል። ሽቦው በአንድ ቀን አይበጠስም፣ በድካም ነው የሚያልቀው። ትርፉን የዕለት ተዕለት ሥራ አድርጎ የሸጠልን ሰው ላይ አሁንም አዝናለሁ። ብራችንንም አልመለሰልንም።

ሁለተኛውን ሙከራ ከመናገሬ በፊት አፈታቱን ላውራ። መኪናውን ይዞ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። ሆዙ ተፈትቶ በፌስታል ይሄዳል። እኛ እንዲያውም ሁለት ጊዜ በባቡር ነው ይዘነው የሄድነው፣ አንዴ ደግሞ በእግር።

ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ከመኪናው ይውጣ። ካሶኒው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ቢሆን ይመረጣል። ተነስቶ ካልሆነ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ ሥሩ የሚቆም ወፍራም የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል። ክሪክ አይደለም፣ እንጨትም አይደለም፣ የቆመ ብረት። ሲሊንደሩ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚይዘው ነገር የለም፣ ሆዙ ሲላላ ዘይቱ ይወጣል፣ ካሶኒው ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ሰው ሲሞት የሰማነው ስንት ጊዜ ነው። እባካችሁ።

ከዚያ ማንሻውን እጀታ ወዲያና ወዲህ አድርጋችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡ። ዳዶውን መጀመሪያ ግማሽ ዙር ብቻ አላሉት፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ሲያቆም ጨርሱት። ሁለት ቁልፍ ነው የሚያስፈልገው፣ አንዱ የሚይዝ አንዱ የሚፈታ። ከታች ሳፋ አድርጉ። የተከፈቱትን አፎች በንጹሕ ፌስታል ሸፍናችሁ በጎማ ላስቲክ እሰሯቸው። አቧራ ከገባ ከሆዙ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያስወጣው ፓምፕ ነው የሚበላው።

ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከሁለቱም ወገን። ጫፎቹ ክርን ያላቸው፣ ማለትም የታጠፉ፣ ከሆኑ አንዱ ክርን ከሌላው አንጻር ወደየት እንደዞረ ፎቶው ላይ ይታይ። አንደኛው ክርን 90 ዲግሪ ተሳስቶ ቢጨመቅ ሆዙ ተጠምዞ ካልሆነ አይገጥምም። መጠምዘዝ ደግሞ ሆዝን ቶሎ ይገድላል። አምራቾቹ የ7 ዲግሪ ጥምዘዛ ዕድሜውን እስከ 90 በመቶ ሊያሳጥረው ይችላል ይላሉ። ሆዙ ላይ የታተመው ጽሑፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፣ ከገጠማችሁ በኋላ ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ካልሄደ ተጠምዟል ማለት ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው። ይኼኛው ጥፋት የእኔ ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ይዤ ሶማሌ ተራ ሄድኩ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስለውኝ። ተክለሃይማኖት ጋ ወርጄ ወደ ውስጥ ገባሁ። የመኪና ዕቃ ተራ ስለሆነ ሆዝ የሚጨምቁትን ጠይቆ ማግኘት ቀላል ነው። የገባሁባት ሱቅ ምልክት እንኳ የላትም። በር ላይ ጥቅል ጥቅል ጥቁር ሆዝ ተሰቅሏል፣ ውስጥ አንድ የመጭመቂያ ማሽን፣ አንድ መቁረጫና ግድግዳውን ሙሉ የሞላ የፊቲንግ መደርደሪያ አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሠራተኛቸው ወጣት ነው።

ልጁ ጫፉን አገላብጦ አየና "ሌላኛውስ ጫፍ ወንድሜ?" አለኝ። "ያው ነው" አልኩት። ጋሼ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው "ያየኸው ነው ወይስ የመሰለህ?" አሉኝ። ቸኩዬ ነበርና "ያው ነው ጋሼ፣ ሥሩት" አልኩ። ሠሩልኝ። ግቢ ደርሼ የፓምፑን በኩል ገጠምኩ፣ ልክክ አለ። የሲሊንደሩን በኩል ብል አንድ ጥርስ እንኳ አልያዘም።

የሲሊንደሩ ጫፍ ሜትሪክ ነበር፣ ኤም 22 በ1.5። የፓምፑ ደግሞ ግማሽ ኢንች ቢኤስፒ፣ የእንግሊዙ የቧንቧ ጥርስ። ሁለቱም በዓይን "ግማሽ ኢንች" ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ካሊፐር፣ ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ፣ ገዝቼ መለካት የተማርኩት፣ እናንተ ከዚህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ወንዴው ጥርስ ከውጭ ወደ 20.9 ሚሊ ሜትር ከሆነና በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ከቆጠራችሁ ግማሽ ኢንች ቢኤስፒ ነው። 22 ሚሊ ገደማ ሆኖ በ15 ሚሊ ውስጥ 10 ጥርስ ካለው ኤም 22 በ1.5 ነው። 19 ሚሊ ገደማ ሆኖ በኢንች 16 ጥርስ ከሆነ ደግሞ የአሜሪካው ጂአይሲ ነው። ሦስቱም ለግማሽ ኢንች ሆዝ የሚመጡ ናቸው።

አፉንም እዩ። ዘይቱን የሚዘጋው ጥርሱ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ያለው ሾጣጣ ነው። በቢኤስፒ ሾጣጣው 60 ዲግሪ ነው፣ በጂአይሲ በየጎኑ 37፣ በሜትሪኩ 24። ብዙ ጊዜ ሜትሪኩ ላይ ትንሽ ኦሪንግ፣ የጎማ ቀለበት፣ ትኖራለች፣ ሆዝ በተቀየረ ቁጥር እሷም ትቀየር። ሾጣጣው ካልገጠመ ጥርሱ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ቴፍሎን ብትጠቀልሉ ማንጠባጠቡ አይቆምም።

በነጋታው ሁለቱንም ጫፍ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ "የማይሆነውን ጫፍ ቆርጠን እናውጣና ሌላ እንጨምቅበት" አለ። ብሩ ይቀንስልኛል ብዬ ልስማማ ነበር። ጋሼ ሆዙን በሜትር ለኩና እምቢ አሉ። ሆዛችን 140 ሳንቲ ነው። ሲቆረጥ ስድስት ሳንቲ ያህል ያጥራል። ሆዝ ደግሞ ግፊት ሲገባበት ርዝመቱ ይለወጣል፣ በ2 በመቶ ሊረዝም፣ በ4 በመቶ ሊያጥር ይችላል። የ140 ሳንቲ 4 በመቶ ወደ ስድስት ሳንቲ ይጠጋል። ሁለቱ ሲደመሩ ካሶኒው ሲነሳ ሆዙ እንደ ገመድ ተወጥሮ ፊቲንጉን ይስበዋል። "እኔ ይሄን አልሠራልህም፣ ተመልሰህ የምትመጣው እኔ ጋ ነው" አሉኝ። የተሳሳተውን ሆዝ ለሌላ ሰው ይሆናል ብለው ወሰዱትና ከሂሳቡ ቀነሱልኝ። የእጅ ዋጋም በድጋሚ አልጠየቁኝም። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ።

ለዚህ ነው ይህችን ሱቅ የማወድሳት። ግን በደግነታቸው ብቻ አይደለም፣ አሠራራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። ልጁ ሆዙን ከቆረጠ በኋላ በኮምፕሬሰር ከሁለቱም አቅጣጫ ነፋው። መቁረጫው የሽቦና የጎማ ብናኝ ውስጥ ይተዋል፣ ያ ብናኝ ነው ቫልቩን የሚቧጭረው። ቀጥሎ ፊቲንጉ ምን ያህል መግባት እንዳለበት ለክቶ ሆዙ ላይ በነጭ ቀለም አሰመረ። የብረት ቀለበቱን አስገባ፣ ፊቲንጉን እስከ መስመሩ ገፋ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ጨመቀ። ማሽኑ ዙሪያውን እኩል የሚጫኑ ስምንት ጥርሶች አሉት።

ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ልቤን ያሳረፈው። ካሊፐር አውጥቶ የተጨመቀውን ቀለበት ሁለት ቦታ ለካና ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር አስተያየ። ለእያንዳንዱ ሆዝና ቀለበት የሚፈለግ ውፍረት አለ፣ የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ ያህል ነው። ካነሰ ሽቦውን ይቆርጠዋል ወይም የውስጡን ቱቦ ያጠበዋል። ከበለጠ ፊቲንጉ በግፊት ተነቅሎ ይወረወራል። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ካሊፐር የሚባል ነገር አላየሁም፣ በዓይን ነበር የጨመቁት። ሱቅ ስትመርጡ ሌላ ምንም ባታውቁ ይህችን አንዷን እዩ፣ ከጨመቁ በኋላ ይለካሉ ወይስ አይለኩም?

የሚጎድላቸውም አለ። የተሠራውን ሆዝ በግፊት የሚፈትኑበት መሣሪያ የላቸውም፣ ያ ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር። ለክርን ፊቲንጎች ምርጫቸው ጠባብ ነው። አንድ የ45 ዲግሪ ክርን ጠይቄ ለሦስት ቀን አልተገኘም። ቦታውም በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት ደንበኛ ካለ ሦስተኛው ውጭ ነው የሚቆመው።

ሌላው ጥያቄ "አሮጌውን ፊቲንግ ቆርጠን እናውጣና በአዲስ ቀለበት እንጠቀምበት" የሚለው ነው። ብዙ ቦታ ይጠየቃል፣ በግልጽ ይረክሳል። አንድ ጊዜ የተጨመቀ ፊቲንግ ግን ውስጡ በትንሹ ጠቧል፣ የያዘው ጥርሱም ተበልቷል። አምራቾችም ድጋሚ እንዲሠራበት አይፈቅዱም። ጋሼን ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁና አዲስ አመጡ። ቶርኖ ቤት አስቀርጸው የሚያመጡም አይቻለሁ። ብረቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ 200 ባር ሊያስሩበት! ግፊት ባለበት መስመር ላይ ይህን አታድርጉ።

አሁን ወደ ግቢ ሙከራዬ። ያለ ማሽን የሚታሰር ፊቲንግ አለ፣ ሁለት ክፍል ነው፣ በጥርስ የሚሰካ። ብዙም አይገኝም፣ እዚያው ሶማሌ ተራ ለግማሽ ኢንች ባለ አንድ ሽቦ ሆዝ የሚሆን አንድ ጥንድ አገኘሁ። ለየትኛው ሆዝ እንደተሠራ ማረጋገጥ ግድ ነው፣ የአንድ ሽቦው ለሁለት ሽቦ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የውጩን ክፍል ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሆዙን ዘይት ቀብታችሁ ታስገባላችሁ። አዟዟሩ ወደ ግራ ነው፣ የውስጥ ጥርሱ ግራ ዘወር ስለሆነ። እስከ ጥግ ይሄዳል፣ ከዚያ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ትመልሱታላችሁ። ቀጥሎ የውስጡን ክፍል በደንብ ዘይት ቀብታችሁ ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ። እያሰፋ ሲገባ ሆዙን ከውስጥና ከውጭ ያጣብቀዋል። ሁለቱ ብረቶች መሃል የአንድ ሚሊ ያህል ክፍተት ሲቀር በቃ። መጨረሻ ላይ በኃይል ነው የሚዞረው፣ ሁለት ጫፍ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፣ ሞርሳውም ከጠረጴዛው ጋር በደንብ የታሰረ መሆን አለበት። አዟዟሩ ላይ የውስጡን ጎማ እንዳይልጥ ተጠንቀቁ። ሲያልቅ በሆዙ ውስጥ ወደ ብርሃን እዩ፣ የተላጠ ጎማ ከተንጠለጠለ እንደገና መሥራት ነው።

ይህንን የገጠምኩት ከቫልቩ ወደ ዘይት ጋኑ በሚመለሰው መስመር ላይ ነው። እዚያ ግፊቱ ትንሽ ነው። እስካሁን ደረቅ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ፊቲንጉ ተፈትቶ በሌላ ሆዝ ላይ ደግሞ መታሰር ይችላል፣ ያ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ገጠር ላይ ትራክተር ያለው፣ መጭመቂያ ማሽን የሚገኝበት ከተማ የሚርቀው ሰው ሁለት ጥንድ ሳጥኑ ውስጥ ቢያስቀምጥ መልካም ነው። አዲስ አበባ መሃል ለተቀመጠ ሰው ግን ሱቁ ቅርብ ነው። ዋጋውም ከተጨማቂው ፊቲንግ በላይ ነው። ስለዚህ ለእኔ ብዙ አላተረፈም።

ፋሼታስ? በመመለሻው መስመር፣ ትክክለኛ ሆዝና ለፋሼታ የተሠራ ጫፍ ካለ ይሠራል። ከፓምፕ በሚወጣው መስመር ላይ ግን በፍጹም። ሁለትም ይሁን ሦስት ፋሼታ ይደርደርበት፣ ያ ግፊት ይነቅለዋል።

የእጅ መጭመቂያ ማሽን ልግዛ ብሎ ወንድሜ ሲያስብ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ርካሽ የሚመስሉትን አሳየኝ። አስተውለን ስናነብ ርካሾቹ የመኪና ኤሲ ሆዝ መጭመቂያዎች ናቸው፣ ለለስላሳ የአሉሚኒየም ቀለበት። የሃይድሮሊክ ብረት ቀለበት ላይ አይሠሩም። በእጅ ፓምፕ የሚሠራ እውነተኛ የሃይድሮሊክ መጭመቂያም አለ፣ ግን ከባድ ነው፣ ዋጋውም የብዙ ዓመት የሆዝ ወጪያችን ነው። አምስት ስድስት መኪና ያለው ሰው ይግዛ። ለአንድ ገልባጭ አይሆንም።

ጋራዥ ውስጥ በእጅ ፓምፕ የሚሠራ ፕሬስ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ለብቻ ስሙኝ። ከፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ የምትሄደው ቀጭን ሆዝ በብዙዎቹ ላይ እስከ 700 ባር የምትሠራ ናት። 1/4 ኢንች 2ኤስኤን እንኳ 400 ባር ነው። እሷን ሰፈር ውስጥ አታስጨምቁ። ለዚያ ግፊት የተሠራ፣ ፋብሪካ ጨርሶ የላከው ሆዝ ነው የሚገዛላት።

መግጠሙ ላይ ትንሽ ነው የምጨምረው። አዲሱ ሆዝ ከሹል ብረትና ከጭስ ማውጫ ይራቅ። ስታጥፉት አታስጨንቁት፣ ለግማሽ ኢንች የክቡ ግማሽ ስፋት ከ180 ሚሊ በታች እንዳይሆን ነው መለኪያው፣ ለ3/8 ኢንች 130። በእኛ መኪና ሆዙ ሻንሲውን የሚነካበት አንድ ቦታ አለ፣ ጎማውን በልቶ ሽቦውን ያወጣው እዚያ ነበር። ያረጀ የውስጥ ጎማ ቆርጠን ጠቀለልንበት፣ አሁን አይነካም። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻ፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ፣ ሆዙ እንዳይዞር አንዱ እየያዘ። የፈሰሰውን ዘይት በዚያው ዓይነት ሙሉ፣ የእኛ ቁጥር 46 የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ካሶኒውን ባዶውን በቀስታ አራት አምስት ጊዜ አንሱና አውርዱ፣ አየሩ ይውጣ፣ ጋኑን እንደገና እዩ።

ከዚያ ይንጠባጠብ እንደሆነ ስትፈትሹ እጃችሁን አታስጠጉ። ይህንን በትልቅ ፊደል ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከመርፌ ቀዳዳ በሚያንስ ሽንቁር የሚወጣ ዘይት አይታይም፣ ቆዳን ግን ይበሳል። 7 ባር ያህል እንኳ በቂ ነው ይባላል፣ እኛ የምናወራው ስለ 180 ነው። የገባበት ቦታ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፣ መጀመሪያ ብዙም አያምም፣ ውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል። በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጣት ወይም እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቁስሉ ያነሰ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ "በግፊት ዘይት ገብቶብኛል" ብላችሁ ተናገሩ። ለመፈተሽ ካርቶን በዱላ ጫፍ ይዛችሁ በሆዙ አጠገብ አሳልፉ፣ ካርቶኑ ከራሰ ሞተሩን አጥፉ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል። ምጣኔውን ግን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ሆዝ ላይ ከከፈልነው ትልቁን ድርሻ የወሰዱት ሁለቱ ፊቲንጎች ናቸው፣ ሆዙ ራሱ በሜትር ተለክቶ ከዚያ ያንሳል፣ የመጭመቂያው ትንሽ ነው። በአንድ ሽቦና በሁለት ሽቦ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለ140 ሳንቲ ሆዝ መኪናዋ በአንድ ቀን ከምታመጣው በጣም ያነሰ ነበር። ለዚያች ልዩነት ብለን ነው ሁለት ሳምንት ያህል ሥራ የፈታነው። ጋራዥ ወስደን ቢሆን ኖሮ ለመፍታትና ለመግጠም የተጠየቅነው ከመጭመቂያው ብዙ እጥፍ ነበር፣ እሱን ግቢ ውስጥ በሁለት ቁልፍና በአንድ ሳፋ ጨርሰነዋል።

ሱቋን ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አምስተኛው የግፊት መፈተኛ ሲያመጡ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ይበዛል፣ ልጁም ይቸኩላል። አሮጌውን ሆዝ ከሁለቱም ጫፉ ጋር ያዙ፣ የፓምፑን ግፊት ከቆርቆሮው ላይ በስልክ አንስታችሁ አሳዩአቸው፣ ሆዙ ከመቆረጡ በፊት የታተመውን መስመር ራሳችሁ አንብቡ። የተመረተበት ዓመትና ሩብ ዓመትም እዚያው ላይ አለ። ጥቅሉ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ሌላ ጠይቁ፣ ጋሼ አይከፋቸውም።